አምስተርዳም ለምን መጨረሻው ላይ ይከብዳል? የደች ጥምር ቃላት የት ይቆረጣሉ፣ የት ይጎላሉ

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ሆላንድ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ለቋንቋ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። አጫጭሮቹን ቃላት አውቃቸዋለሁ። ረጃጅሞቹ ሲመጡ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። ድርሰት ስጽፍ መስመር አለቀብኝና እራት የሚለውን ‹አቮንዴተን› ‹አቮን-ዴተን› ብዬ ቆረጥኩት፤ በቀይ ተሰመረብኝ። አስተማሪያችን ደግሞ ‹ጥምር ቃል ድምፁ ሁልጊዜ መጀመሪያው ላይ ነው የሚከብደው› ትለናለች። ታዲያ አምስተርዳም ራሱ ለምን መጨረሻው ላይ ይከብዳል? መንገዱን ቢያሳዩኝ። ነው ወይስ ሁሉንም መሸምደድ ነው ያለብኝ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽ ሁለት ይመስላል እንጂ አንድ ነው። የት ልቁረጥ የሚለውን ካወቅሽ የት ላጉላ የሚለው ከሞላ ጎደል ይከተላል። የሚሸመደደው ጥቂት ነው።

አስቀድሜ ስለ አጻጻፌ ልንገርሽ። የደቹን ቃል በእኛው ፊደል ነው የምጽፈው። ይቺ ጭረት (-) የቃሉን መገጣጠሚያ ታሳያለች። ይቺ ደግሞ (’) ድምፅ ከሚጎላበት ክፍለ ቃል በፊት ትቆማለች። «’ሆይስ-አርትስ» ብዬ ስጽፍ «ሆይስ» ይጎላል፣ «አርትስ» ዝቅ ይላል ማለት ነው። የቤተሰብ ሐኪም ነው ትርጉሙ። ፊደላችን የደችን አናባቢዎች በሙሉ ስለማይዝ ትክክለኛ ድምፃቸውን ከሰው አፍ ስሚ።

አሁን ወደ «አቮንዴተን»። ዶሮ ብልት በብልት ስታወጪ አጥንት አትሰብሪም። መጀመሪያ ጣትሽ መገጣጠሚያውን ፈልጎ ያገኛል፣ ከዚያ ቢላው እዚያ ይገባል። አሥራ ሁለቱም ብልት የሚወጣው እንደዚያ ነው። የደች ጥምር ቃልም እንዲሁ ነው የሚቆረጠው። «አቮንዴተን» ውስጥ ሁለት ቃላት አሉ። አንዱ «አቮንት» ነው (ሲጻፍ በ«ድ» ነው የሚያልቀው)፤ ምሽት። ሌላው «ኤተን» ነው፤ ምግብ። መገጣጠሚያው በሁለቱ መሀል ነው፤ ስለዚህ «’አቮንት-ኤተን» ብለሽ ትቆርጫለሽ። አንቺ «ዴ»ን ከግራው ቃል ላይ ገንጥለሽ ለቀኙ ሰጠሽው። ቢላው አጥንት ላይ አረፈ ማለት ነው።

የተከተልሽው ሕግ ግን ከራስሽ የፈጠርሽው አይደለም፣ ትክክለኛ ሕግ ነው። በሁለት አናባቢዎች መሀል አንድ ተነባቢ ካለ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ «ካ-መር» (ክፍል)። ሁለት ካሉ ይካፈላሉ፤ «ዊን-ተር» (የብርዱ ወቅት)። ይሄ የሚሠራው በአንድ ቃል ውስጥ ነው። ጥምር ቃል ላይ ተራውን ጠብቂ። መጀመሪያ መገጣጠሚያውን ፈልጊ። ከዚያ እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው በዚህ ሕግ ክፈይ። አንዲት ፊደል ብቻዋን በመስመር ጫፍ አትተዪ። በቃ፣ የመቁረጡ ነገር ይኸው ነው። ስትጠራጠሪ «አረንጓዴው መጽሐፍ» የሚባለው የደች ይፋዊ የቃላት ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። ቃሉን ስትፈልጊ የሚቆረጥበትን ቦታ ያሳይሻል።

ለምን እኛ እዚህ ላይ እንደምንሳሳት ልንገርሽ፤ ብዙ ተማሪዎቼ ራሳቸውን ሲወቅሱ ስለማይ። በእኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢ አብረው ነው የሚጻፉት። «ዴ» አንድ ፊደል ናት፣ ለሁለት አትከፈልም። ከሕፃንነታችን «ሀ ሁ» ስንቆጥር ያደግነው በዚህ ነው። ስለዚህ ምላሳችን ብቻውን የቀረ ተነባቢ ሲያገኝ አንስቶ ለቀጣዩ አናባቢ ያሸክመዋል። ደች ደግሞ በመገጣጠሚያው ላይ ይሄን አይወድም።

ደስ የሚለው፣ መገጣጠሚያው በጆሮ ይሰማል። ደች ውስጥ ቃል በ«ድ» ከተጻፈ መጨረሻው ላይ «ት» ሆኖ ነው የሚነበበው። «ብ»ም «ፕ» ይሆናል። ጥርስ ሲጻፍ መጨረሻው «ድ» ነው፤ ሲነበብ «ታንት»። ጥርሶች ሲሆን ግን አናባቢ ተከትሎት «ድ»ው ይመለሳል፤ «ታንደን»። አሁን የጥርስ ሐኪምን ስሚ፤ «’ታንት-አርትስ»። እዚህም እኮ አናባቢ ተከትሏል፤ «አ» አለ። ግን «ታንዳርትስ» አይባልም። ለምን? «ታንት» እዚያ ቦታ ቃል ሆኖ ስላለቀ ነው። ቋንቋው ራሱ «እዚህ ጋ ስፌት አለ» እያለሽ ነው። «አቮንት-ኤተን»ም ያው ነው። አፍሽ «ት» ካለ እጅሽም እዚያው ይቆርጣል። በቀይ የተሰመረብሽ ቃል አፍሽ ላይ ቢስተካከል ኖሮ እስክሪብቶሽም አይስትም ነበር።

በመገጣጠሚያው ላይ ተነባቢዎች ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ድምፅ ይለውጣል። የተጻፈውን እያየሽ «ስህተት ሰማሁ» እንዳትዪ። መሐረብ «ዛክ» እና «ዱክ» ነው፤ ሲነገር «’ዛግ-ዱክ» ይሆናል። የቤት አቧራ መጥረጊያው ማሽን «ስቶፍ» እና «ዞይኸር» ነው፤ ሲነገር «’ስቶፍ-ሶይኸር»። እነዚህን ሕግ ብለሽ አትያዣቸው። ሰምተሽ ድገሚያቸው፤ አፍ ራሱ ይለምዳቸዋል።

አንድ ነገር ግን በርትተሽ ያዢ። እኛ ማጥበቅና ማላላት ትርጉም ይለውጥብናል። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ነው። አጻጻፉ አንድ ነው። ስለዚህ ተነባቢ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ስናይ እናጠብቃለን። ደች ግን አያጠብቅም። በአንድ ቃል ውስጥ ተነባቢ የሚደረበው ከፊቱ ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን ለማሳየት ነው። በመገጣጠሚያ ላይም ሁለት አንድ ዓይነት ድምፆች ሲገናኙ አንዱ ይዋጣል። የእጅ ፎጣ «ሃንት» እና «ዱክ» ነው፤ ሁለት ጊዜ «ደ» ይጻፋል፣ አንዴ ብቻ ይሰማል፤ «’ሃንዱክ»። የመንደር መንገድም ሁለት «ስ» ይዞ ተጽፎ «’ዶርፕስትራት» ይባላል። አንቺ ካጠበቅሽው የሚሰማሽ ሰው ቃሉ ያለቀ ይመስለዋል፣ ቀጣዩ ይጠፋበታል።

አሁን መገጣጠሚያው የማይታይባቸው ቃላት አሉ። ደቾች ራሳቸው ይጫወቱባቸዋል። እኔም ክፍል ውስጥ በጣም የምወዳቸው ናቸው። ትንንሾቹ የቼሪ ቲማቲሞች «’ኬርስ-ቶማትየስ» ናቸው። ቼሪ «ኬርስ» ነው። ቢላውን አንድ ፊደል ወደ ቀኝ ብታንቀሳቅሺው «’ኬርስት-ኦማትየስ» ይሆናል። «ኬርስት» ገና ነው፣ «ኦማ» አያት ናት፤ የገና አያቶች! ሱፐርማርኬት ሄደሽ መለያ ወረቀቱን አንብቢ፤ ፊደሎቹ አንድ ናቸው። «ክዋርት-ስላኸን» ሩብ ዙር ማዞር ነው፤ «ክዋርትስ-ላኸን» የኳርትዝ ድንጋይ ንብርብሮች ናቸው። «’ቫል-ኮይል» አውሬ የሚወድቅበት የወጥመድ ጉድጓድ ነው፤ «’ቫልክ-ኦይል» ብለሽ ብትቆርጪው ጭልፊትና ጉጉት የተዳቀሉበት ወፍ ይወጣልሻል።

«’ዴይክ-ራምፕ» ደግሞ ሆላንድ ውስጥ ቀልድ ያልሆነ ቃል ነው። «ዴይክ» ውሃ የሚያግደው ግድብ ነው፣ «ራምፕ» አደጋ። እ.ኤ.አ. ከጥር 31 ወደ የካቲት 1 ቀን 1953 በሚያነጋው ሌሊት ባሕሩ በደቡብ ምዕራብ ያሉትን ግድቦች ሰብሮ ገባ። ሆላንድ ውስጥ 1,836 ሰው ሞተ። ያን ቃል አንዲት «ክ» አንሥተሽ ወደ ቀኝ ብታሻግሪበት «’ዴይ-ክራምፕ» ይሆናል፤ የጭን ጡንቻ መኮማተር። ለዚህ ነው መገጣጠሚያውን ፈልጊ የምልሽ። ፊደሉ አይነግርሽም፤ ዐረፍተ ነገሩ ነው የሚነግርሽ።

ከሁሉም የሚያስተምረው ግን ይሄኛው ነው። «ማሳ» ብዙ ሕዝብ ነው፣ «ኸቤት» ጸሎት። «’ማሳ-ኸቤት» የጅምላ ጸሎት። በዚያው ፊደል፣ አንድም ሳይጎድል፣ «ማ’ሳዠ-ቤት» የሚባል አለ፤ የማሳጅ አልጋ። መቁረጫው ሲቀየር የፊደሉ ንባብም፣ የሚጎላው ቦታም አብሮ ተቀየረ። ከላይ «ጥያቄሽ አንድ ነው» ያልኩሽ ለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ማጉላቱ እንሂድ። አስተማሪሽ ልክ ናት፤ «ሁልጊዜ» የሚለውን ብቻ «አብዛኛውን ጊዜ» በዪው። ስምና ስም ሲጣመሩ የሚጎላው የመጀመሪያው ነው። ተጠንቀቂ ግን፤ የመጀመሪያው ክፍለ ቃል አላልኩም። የመጀመሪያው ቃል ለብቻው ሲቆም የሚጎላበት ቦታ ነው። ግብር «በ’ላስቲንግ» ነው፤ ስለዚህ የግብር መሥሪያ ቤቱ «በ’ላስቲንግ-ዲንስት» ይሆናል። የመኖሪያ ፈቃድ «ቨር’ብሌይፍስ-ቨርኸኒንግ» ነው። ብዙ ልጆች «ሕጉ መጀመሪያው ነው» ብለው «’በላስቲንግ» ይላሉ፤ አይሆንም። ደብዛዛ አናባቢ ያለበት ክፍለ ቃል፣ እንደ «በ» እና «ቨር» ያለው፣ ጉልበት የለውም።

በመሀል የሚገባው ማያያዣ «ስ» የግራው ቃል ነው፤ «ቨር’ብሌይፍስ» ላይ እንዳየሽው። ማያያዣው «ን»ም እንዲሁ። ፓንኬክ እ.ኤ.አ. በ1995 የፊደል ማሻሻያ «ን» ተጨምሮበት ነው የሚጻፈው፤ ብዙ ሰው ግን አሁንም «’ፓነ-ኩክ» ነው የሚለው።

ትርጉሙን ካየሽው ይሄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «የጥርስ ሐኪም» ስንል ገላጩ ይቀድማል፣ ዋናው ይከተላል። ደችም እንዲሁ ነው። የሚጎላው ገላጩ ነው፤ ምክንያቱም ሐኪሙን ከሐኪም የሚለየው «ጥርስ» የሚለው ነው። ዋናው ቃል ደግሞ ከኋላ ሆኖ ጾታውን ይወስናል። ደች ከስም ፊት «ሄት» ወይም «ደ» ያስቀድማል፤ ቤት «ሄት»ን ነው የሚወስደው፣ በር «ደ»ን። የቤት በር «ደ ’ሆይስ-ዴር» ነው፤ በሩ ስላዘዘ።

ሦስት ቃላት ሲገጣጠሙ «ቀድመው የተጋቡት የትኞቹ ናቸው?» ብለሽ ጠይቂ። የሕክምና ወጪ ኢንሹራንስ «’ዚክተ-ኮስተን-ቨርዜከሪንግ» ነው። መጀመሪያ «በሽታ» እና «ወጪ» ተጋቡ፣ «ኢንሹራንስ» በኋላ መጣ። ስለዚህ የመጀመሪያው ይጎላል። የልጆች መዋያ ግን «ኪንደር-’ዳኽ-ቨርብሌይፍ» ነው። መጀመሪያ «ቀን» እና «መቆያ» ተጋብተው የቀን መዋያ ሆኑ፣ «ልጆች» በኋላ መጣ። እንደዚህ ሲሆን ጉልበቱ ብዙ ጊዜ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። ልጅሽን የምታመላልሺ ከሆነ ቃሉን በየቀኑ ትሰሚዋለሽ፤ ጆሮሽን ጣል አድርጊ።

አሁን አምስተርዳም። ስሙ ጥምር ነው፤ አምስተል የሚባለው ወንዝና «ዳም»፣ ማለትም ግድብ። እ.ኤ.አ. በ1275 በተጻፈው ሰነድ ላይ ስሙ «አሜስተለዳመ» ተብሎ ይገኛል። በ«ዳም» የሚያልቁት ከተሞች መጨረሻቸው ላይ ነው የሚጎሉት፤ አምስተር’ዳም፣ ሮተር’ዳም፣ ዛን’ዳም፣ ቮለን’ዳም፣ ኤ’ዳም፣ ስኺ’ዳም። አምስተል’ቬንም እንዲሁ ነው። ’ኤይንትሆቨን ደግሞ መጀመሪያው ላይ ይጎላል። የቦታ ስም የራሱ ዓለም ነው። ሕጉን ከከተማ ስም አትማሪ፤ የከተማውን ስም ግን ከነአነባበቡ አጥኚ፤ ባቡር ላይ ይነገርልሻል።

ከቦታ ስም ውጭም ያፈነገጡ አሉ። የከተማ አስተዳደር ሕንፃ ሁለት ስም አለው። አንዱ «ኸ’ሜንተ-ሆይስ» ነው፤ ሕጉን ይከተላል። ሌላው «ስታት-’ሆይስ» ነው፤ አይከተልም። ያው ሕንፃ፣ ያው «ሆይስ»። ከንቲባውም «በርኸ-’ሜስተር» ነው። እነዚህን ሁለቱን ያዣቸው፤ ጉዳይሽን ስትጨርሺ ያስፈልጉሻል።

ምክንያት ያላቸው ማፈንገጦች ደግሞ አሉ። የመጀመሪያው ክፍል ቅጽል ሆኖ የመጨረሻዋን ደብዛዛ አናባቢ ካልጣለ፣ ቃሉ ገና እንደ ሐረግ ነው የሚሄደው፤ ሁለተኛው ይጎላል። ጎመን ተራ ሄደሽ ሞክሪው። ቀዩ ጥቅል ጎመን «ሮደ-’ኮል» ነው። የኮመጠጠው ጎመን «’ዙር-ኮል» ነው። «ሮደ» ላይ «ደ»ዋ ቀርታለች፣ «ዙር» ላይ ምንም የለም። ለዚያ ነው ልዩነቱ። ሙያ ተኮር ኮሌጆቹም «ሆኸ-’ስኾል» ናቸው።

ማጋነኛ ቅጽሎችን ስሚ። «ስቴን» ድንጋይ ነው፣ «ሬይክ» ሀብታም። «’ስቴን-ሬይክ» ድንጋይ የበዛበት መሬት ነው። «ስቴን-’ሬይክ» ገንዘብ የተረፈው ሰው ነው። «’ብሉት-አርም» ደም የሚያንሰው ሰው ነው። «ብሉት-’አርም» ድህነት ያደቀቀው። ሐኪም ቤት ገብተሽ የደም ማነስ አለብኝ ለማለት ሁለተኛውን ብትዪ ስለ ኪስሽ ነው የምትነግሪያቸው።

ግሦቹ ጋ ደግሞ ነገሩ ጨዋታ አይደለም። አንዲት ተማሪዬ ከምርመራ በኋላ ሐኪሟ የነገራትን ይዛ መጣች። ሌሊቱን አልተኛችም ነበር። «ይሄ ነገር ሊደርስብሽ ይችላል አለኝ» አለች። በይ ድገሚልኝ አልኳት። ስትደግመው «ቮር-’ኮመን» አለች፤ «ኮ»ን አጉልታ፣ ሐኪሟ እንዳለው። «’ቮር-ኮመን» ቢሆን «መከሰት» ነው። «ቮር-’ኮመን» ግን «መከላከል» ነው። ሐኪሙ «ይሄን ልንከላከለው እንችላለን» ነበር ያላት። ጆሮዋ በትክክል ሰምቶ ነበር፤ ልዩነቱን የነገራት ሰው ብቻ አልነበረም።

ከዚህ ግሥ ሕጉን ውሰጂ። ፊት ያለው ቁራጭ ከጎላ ተነጣይ ነው፤ «ሄት ኮምት ቮር»፣ ይከሰታል። ከረዳት ግሥ ጋር የሚሄደው ያለፈው ጊዜም መሀሉ ላይ «ኸ» ያስገባል፤ «’ቮር-ኸ-ኮመን»። ፊት ያለው ካልጎላ አይነጠልም፣ «ኸ»ም አይገባበትም። ደብዳቤ ላይ የሚመጣብሽ ሌላው ጥንድ «’ኦቨር-ሌኸን» እና «ኦቨር-’ሌኸን» ነው። የመጀመሪያው ሰነድ ማቅረብ ነው፣ ሁለተኛው መመካከር። «’ቬር-ስፕሪንገን» ርዝመት ዝላይ ነው፤ «ቨር-’ስፕሪንገን» ከቦታ ቦታ መዝለል፣ መዛወር ነው።

እንዴት ትለማመጂ? በጭብጨባ። ለእያንዳንዱ ክፍለ ቃል አንዴ አጨብጭቢ፣ የሚጎላው ጋ ስትደርሺ ጠንከር አድርጊ። እኛ አማርኛ ስንናገር ክፍለ ቃላቱን ከሞላ ጎደል እኩል ነው የምንጥላቸው። ደች እንደዚያ ከተነገረ ለሰሚው ሁሉም ነገር አንድ ደረጃ ላይ ሆኖ ይደበላለቅበታል። ስለዚህ የሚጎላውን ማጉላት ብቻ አይበቃም፤ ሌላውን ማሳጠር አለብሽ። «ቨር»፣ «በ»፣ «ተን» እንደ ጥላ ይለፉ።

ጭብጨባው ሌላም ጥቅም አለው። ሳድሶቻችን መሀል የምናስገባትን አናባቢ ያጋልጥብሻል። መንገድ «ስትራት» አንድ ጭብጨባ ነው፤ እኛ ሦስት እናደርገዋለን። የመጨረሻውን ፈተና ልስጥሽ። «’አንግስት-ስኽሬው»፤ ከፍርሃት የሚወጣ ጩኸት። በፊደላችን ዘጠኝ ሆሄ ነው። በጭብጨባ ግን ሁለት ብቻ። መጀመሪያ «አንግስት»ን ለብቻው በዪ፣ ትንሽ ቁሚ። ከዚያ «ስኽሬው»ን ለብቻው። ከዚያ እያቀራረብሽ አምጪያቸው። ሁለቱ «ስ» መሀል ያለችው «ት» እስክትሰማሽ ድረስ አትቸኩዪ፤ መገጣጠሚያው እዚያ ነው። አንድ ሳምንት ሞክሪውና በየትኛው ቃል እንደተቸገርሽ ጻፊልኝ።